የተሞላው ጉድጓድ

ፊርደውስ አንድ ቦታ መርጋት አታውቅም። ደሴ እያለች እናቷ «ይቺ ልጅ እግሯ ሥር እሳት አለ» ትላት ነበር፤ ካይሮም ገብታ አልበረደላትም። ናስር ሲቲ በሚባለው ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ጠዋት የሃይማኖት ትምህርቷን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጂአይኤስ የሚሉትን የኮምፒውተር ካርታ ትማራለች። ይኸኛው ግን ያዛት። የመሬቱን ከፍታ አስገብታ ኮምፒውተሩን ስታዘው፣ ዝናብ ቢጥል ውኃው የሚሄድበት መንገድ በሰማያዊ መስመር ይወጣላታል። ይኼንን ስታይ ምግብም ትረሳለች።

ታላቅ ወንድሟ ጁሀር 6ኛ ኦክቶበር በሚባለው ከተማ ዳርቻ ምድር ቤት ሊከራይ አስቦ፣ ሰፈሩ ረባዳ ነውና ጎርፍ ያሰጋው እንደሆነ ጠየቃት። በዚያው ቀን ሠራችለት። ሰማያዊው መስመር ከቤቱ ራቅ ብሎ አለፈ። «ግባ፣ ምንም አይነካችሁም» አለችው፤ ያን ቀን ኩራቷ ለጉድ ነበር። ጁሀርም ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ገባ።

ታኅሣሥ ላይ የካርታው መምህር፣ ተማሪው ሁሉ ሳይጠይቅ የሚሠራውን የመጀመሪያ እርምጃ አብራራ። የውኃው መንገድ ከመሰላቱ በፊት፣ ካርታው ላይ ያለ ጎድጓዳ ሁሉ የመለኪያ ስህተት ነው ተብሎ ይሞላል፤ ካልተሞላ ውኃው እዚያ ገብቶ ይቀርና መስመሩ ይቆረጣል። አንዳንዱ ጉድጓድ ግን ስህተት አይደለም፣ እውነትም እዚያ አለ፣ አላቸው።

ፊርደውስ ያልተሞላውን ካርታ ከፈተች። የጁሀር ቤት ጉድጓዱ ወለል ላይ ቁጭ ብሏል፤ የአካባቢው ውኃ ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል፣ መውጫ የለውም። ደወለችለት፤ አያነሳም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ሚክሮባስ በሚሉት ታክሲ ውስጥ መስኮቱን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ደመናውን ታያለች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ቢጨንቃቸው «ማሌሽ» እያሉ፣ አይዞሽ ለማለት፣ ጉልበቷን ያዙላት።

ስትደርስ ጁሀር ደጃፉ ላይ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ቆሟል። ሲያያት ፊቱ በራ። «እህቴ ይቺ ናት» አላቸው። ከዚያ ጎን ለጎን ያሉትን ምድር ቤቶች እነዚሁ የአገር ልጆች እንደያዟቸው ነገራት። ጎርፍ ፈርተው ሲያመነቱ የእሷን ካርታ በስልኩ አሳያቸው፤ ኸላስ፣ አለቀ፣ ትናንት ገቡ። ከመካከላቸው አንዷ እርጉዝ ናት።

ፊርደውስ ወንድሟን በሰው ፊት እንዲህ ደረቱን ነፍቶ አይታው አታውቅም። ለብቻው ልትጠራው አሰበች። ግን ሰዎቹም መስማት አለባቸው።

«ወንድም ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ» አለች። «ይሄ ቦታ ጉድጓድ ነው። ካርታው ላይ የሞላሁት እኔ ነኝ። ዝናብ ቢመጣ ውኃው እናንተው ላይ ነው የሚተኛው።»

የጁሀር ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። «ያዕኒ፣ ማለቴ፣ እዚህ አገር ስንቴ ይዘንባል ብለሽ ነው?» አላት ቀስ ብሎ። ድምፁ ልመና ነበረበት።

«አንዴ ከዘነበ ይበቃል።»

እርጉዟ ሴት ደረጃውን ወርዳ ገባች። ፊርደውስ ተከተለቻት። ሴትየዋ ትናንት ያነጠፈችውን ፍራሽ መጠቅለል ጀምራለች፤ ቀና ብላም አላየቻት። ፊርደውስ ተንበርክካ ሌላውን ጫፍ ያዘች።