ቁረጣት የተባለችው ዓረፍተ ነገር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጉኒላ በእጄ ያስጨበጠችኝ ምላጭ ነበር። እኔ ማይክሮፎን እይዛለሁ ብዬ ከረባት አስሬ ነው የሄድኩት። ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። የሰፈር ራዲዮ ጣቢያችን ስዊድን አገር፣ ሪንከቢ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የአንድ መኖሪያ ፎቅ ምድር ቤት ከብስክሌት ማስቀመጫው ጎን ነበረች። ጉኒላ የጣቢያው ኃላፊ ናት፤ ለሚተላለፈው ቃል ሁሉ በሕግ የምትጠየቀውም እሷ ነበረች። "ማውራት ማንም ይችላል፤ አንተ መጀመሪያ መቁረጥ ትማራለህ" አለችኝ።

ከረባቱን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩና ተማርኩ። ድምፅ የተቀዳበትን ቴፕ በእጄ ወደፊትና ወደኋላ እያንከባለልኩ ቃሉ የሚጀምርበትን ቦታ በጆሮዬ እፈልጋለሁ። በቢጫ እርሳስ ምልክት አደርጋለሁ፣ በምላጩ ሰያፍ እቆርጣለሁ፣ ሁለቱን ጫፍ በነጭ ፕላስተር አያይዛለሁ። በደንብ ከተቆረጠ ተናጋሪው ራሱ አያውቀውም።

ጉኒላ ሕግ ታበዛለች። አንዱን ደብተሬ ላይ ጽፌው ነበር፦ "ሰውየው እንዳይታወቅ ከፈለግህ ስሙን አውጣ። ስም ከሌለ ሰው የለም።"

ከረዳት ቴክኒሻንነት ወደ ቴክኒሻንነት፣ ከዚያም ወደ አዘጋጅነት ከፍ አልኩ። በሁለተኛው ዓመት ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ የአማርኛ ግማሽ ሰዓት ተሰጠኝ። እንግዶቼ ሰው ሰብሳቢዎች ነበሩ፤ የተበተነውን ያገር ሰው አንድ ላይ የሚያደርጉ። ለልጃገረዶች የኳስ ቡድን ያቋቋመ ነበር፣ ለአሮጊቶች ደብዳቤ የምታነብ ነበረች። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ማይክሮፎን ሲያይ ሰባኪ ይሆንብኛል። እትዬ ዘይነባ ግን እንደዚያ አልነበሩም።

እትዬ ዘይነባ የደሴ ሰው ናቸው። ሱንድቢበሪ የሚባል ሰፈር አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ይሠራሉ። ከሥራ ውጭ ያለው ጊዜያቸው ሁሉ ለመርዶ ነበር። አገር ቤት ሰው ሲሞት ወሬው መጀመሪያ ለእሳቸው ይደርሳል፤ እሳቸው ደግሞ ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም ሰባት ስምንት ሰው ይዘው ሄደው ለባለቤቱ ያረዳሉ። አንድ ማክሰኞ ከሥራ መልስ፣ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ስቱዲዮ መጡልኝ።

"እንዴት ጀመሩት?" አልኳቸው።

"ቴንስታ አንድ ልጅ የአባቱን ሞት በስልክ ሰማ። ብቻውን ነው። ሲጮህ ጎረቤት ፈርቶ ፖሊስ ጠራ። ያገራችን ሰው ሲያለቅስ ፖሊስ ነው የደረሰለት። እኔ የሰማሁት በማግስቱ ነው፣ አፈርኩ።"

"አሁንስ እንዴት ነው የምታደርጉት?"

"አስቀድሜ ለሥራ አለቃው እደውላለሁ፤ ነገ አይመጣም፣ ምክንያቱን ግን እንዳትነግሩት እላለሁ። ፈረንጆቹ ግራ ይገባቸዋል፣ በኋላ እሺ ይላሉ። የውጭ በሩን ኮድ ከጎረቤት እጠይቃለሁ። ንጋት ላይ እንገባለን። አንዷ ከታች ትቀርና ደረጃው ላይ በስዊድንኛ የተጻፈ ወረቀት ትለጥፋለች። ዛሬ እዚህ ቤት ለቅሶ አለ፣ ሰው ሞቶብን ነው፣ አትደንግጡ ይላል።"

"ጎረቤቶቹ ምን ይላሉ?"

"አንዳንዱ በሩን ይዘጋል። አንዲት ስዊድናዊት አሮጊት ግን አበባ ይዛ ወርዳ አጠገባችን ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለካ ባሏ ሲሞት ማንም አልመጣላትም። አሁን በዓል በመጣ ቁጥር እንጠራታለን።"

"ይህን ሁሉ ለምን ይደክማሉ?"

"ልጄ፣ ሞቱን አላስቀረው። ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማው ማድረግ ግን አያቅተኝም።"

ያን ጊዜ ድምፃቸው ተለወጠ። "አሁን እንኳ አንዷ ልጃችን፣ ወይንሸት፣ ቴንስታ ያለችው፣ እናቷ ደሴ አርፈዋል። ለልጅ ልጃቸው ቀይ ሹራብ ሠርተው የላኩ ደግ ሴት ነበሩ፤ አንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝማል፣ ልጅቷ ግን አላወልቅም ብላ አስቸግራለች። ወይንሸት ገና አልሰማችም። ትናንት አግኝቼያት ስትስቅ አየኋት፤ ቤቴ ገብቼ እህል አልወርድልሽ አለኝ።" እጃቸውን አነሱ። "ይህችን ቁረጣት። የምንሄደው ቅዳሜ ንጋት ነው።"

"እሺ እትዬ" አልኩ።

ሐሙስ ቴፑን ለመቁረጥ ተቀመጥኩ። ያችን ቦታ ደጋግሜ ሰማኋት። እንደዚያ ያለ ድምፅ አንድ አዘጋጅ በዓመት አንዴ ቢያገኝ ነው፤ አሳሳኝ። ወይንሸት የሚለውን ቆረጥኩ። ቴንስታ ያለችው የሚለውን፣ ደሴ የሚለውንም ቆረጥኩ። "አንዷ ልጃችን እናቷ አርፈዋል" ብሎ ገጠመ። ሌላውን ተውኩት። መርዶው ቅዳሜ ንጋት ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ሲተላለፍ እሷ ሰምታለች ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እትዬ ዘይነባን ደውዬ አልጠየቅሁም። ብጠይቅ ኖሮ ወንድሟ ዮተቦሪ ከሚባለው ሩቅ ከተማ የሚገባው ቅዳሜ ማታ ስለሆነ መርዶው ወደ እሑድ እንደተላለፈ ይነግሩኝ ነበር። ያልደወልኩት ዳግመኛ ቁረጣት እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ይህን አሁን ነው የምናገረው።

ቅዳሜ ቀዩ መብራት በራ፣ ቴፑ ዞረ። ያች ቦታ ስትደርስ ጉኒላ ከመስታወቱ ማዶ፣ አማርኛ ባታውቅም፣ ድምፁ ገብቷት ራሷን ነቀነቀች። ደስ አለኝ። በሥራዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ፕሮግራሙ አልቆ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ። እትዬ ዘይነባ ከወይንሸት ቤት እየደወሉ ነበር።

"ቁረጣት አላልኩህም?"

"ስሟን ቆርጫለሁ፣ እትዬ። ከተማውንም።"

"ሹራቡንስ?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሆነውን ረጋ ብለው ነገሩኝ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወይንሸት ቅዳሜ የልብስ ማጠቢያ ተራዋ ነበር። ራዲዮኑን ወጥ ቤት ከፍታ ትታ ከፎቁ ሥር ወዳለው ማጠቢያ ቤት ወረደች። ልጇ ሄለን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚህ እንዳደጉት ልጆች አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። ስለ ሹራቡ ሲወራ ሰማች። መጀመሪያ ስለ እኔ ነው የሚያወሩት ብላ ደስ ብሏት ነበር አሉ። ቀጥሎ ገባት። ደረጃውን በካልሲዋ ወርዳ፣ እርጥብ አንሶላ የታቀፈችውን እናቷን "ማማ፣ ሞርሞር ኤር ዶድ" አለቻት። አያቴ ሞታለች ማለት ነው። ወይንሸት ያን መርዶ የሰማችው ከገዛ ልጇ አፍ፣ በስዊድንኛ፣ ከማሽኖቹ መካከል ነው። በሩ ላይ የቆመ ሰው አልነበረም።

ሰኞ ለጉኒላ ነገርኳት። ቁጭ ብላ ሰማችኝና "ስም የለም፣ ሕግ አልጣስክም። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምቆርጠው" አለች። ልታጽናናኝ ነው፤ እኔ ግን ይብስ አዘንኩ። ስምን ማውጣት ለእሷ አገር ይበቃ ይሆናል። እኛ የምንተዋወቀው በሹራብ ነው፣ በሳቅ ነው፣ እናት በላከችው ነገር ነው። ይህን እኔ ማወቅ ነበረብኝ፤ የተቀጠርኩትም ስለማውቅ ነው።

በዚያው ቀን፣ በሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው፣ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ወይንሸት ወንድሟ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል በእጇ ከለከለችኝ።

"ተው። ይቅር ብዬሃለሁ" አለች። "እናቴን አንተ አልገደልካትም። ልጄ ግን፣ ባልነግርሽ ኖሮ አታለቅሺም ነበር እያለች ከአልጋዋ አልወርድ ብላለች። ምን ብዬ ልመልስላት? አንተ ንገረኝ።"

የተዘጋውን የልጅቷን በር አየሁ።

ስወጣ እትዬ ዘይነባ ደረጃው ላይ ጠበቁኝ። "ከእንግዲህ እዚያ መስታወት ውስጥ ብቻ ተቀምጠህ አትቀርም። ከኛ ጋር ትሄዳለህ" አሉኝ። "ምን ልሠራ?" ብላቸው "ልጆቹን ትይዛለህ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ከእሳቸው ጋር ብዙ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሌሎቹ ወደ ሳሎን ሲያልፉ እኔ ወደ ልጆቹ ክፍል እገባለሁ። ካፖርት አልብሼ አንድ ጎረቤት ቤት እወስዳቸዋለሁ፣ ቁርስ አበላቸዋለሁ። እናታቸው አልቅሳ ሲወጣላት ራሷ ትጠራቸውና ትነግራቸዋለች። ለመርዶ ወደ ሰው በር መሄድ ከራዲዮ ሥራ ይከብዳል። ፕሮግራሙን አልተውኩም፤ እትዬ ዘይነባ ግን ሁለተኛ ማይክሮፎን ፊት አልተቀመጡም፣ እኔም አልጠየቅኋቸው።

ሄለንን አምስት ዓመት ቆይቶ በቴንስታው ባቡር ውስጥ አገኘኋት። ቁመቷ እናቷን አክሏል። አጠገቧ ቆሜ "ሄለን፣ እናትሽ ደህና ናት?" አልኳት።

ቀና ብላ በትሕትና አየችኝና በስዊድንኛ "ይቅርታ፣ አማርኛ አልሰማም" አለችኝ።

እውነት ጠፍቶባት ይሁን፣ መስማት አልፈልግም ማለቷ ይሁን አላውቅም። ሪንከቢ ስደርስ ወረድኩ።

ወደ ራዲዮ ሥራ ለምትገቡ የምላችሁ ይህን ያህል ነው። የቃሉ ባለቤት ቁረጥ ያለውን ሙሉውን ቁረጡ፤ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር። ካጠራጠራችሁ ደውሉና ጠይቁ።