የኦቦ ገመቹ የቀን ደብተር

ገና ልጅ ሳለሁ፣ ሱሉልታ ላይ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሚኪያስ ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ቤት እንሄድ ነበር። ሆለታ አካባቢ ከብት ሲከትቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ። በኩራዝ ብርሃን፣ የባሕር ዛፍ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው፣ አንድ ወፍራም ደብተር ይገልጣሉ። በየዕለቱ ቀን ሥር፣ በዚያ ቀን የትኛው ሳይንቲስት ምን እንደሠራ ጽፈውበታል። ያኔ እያንዳንዱ ቀን የራሱ ባለቤት ያለው ይመስለኝ ነበር።

ግንቦት ስድስት ምሽት ያወሩልን ስለ አንድ የሩቅ አገር የገጠር ሐኪም ነበር። የላም ፈንጣጣ የያዛቸው ላም አላቢዎች የሰው ፈንጣጣ እንደማይዛቸው ሰምቶ፣ በዚያ ቀን ከአንዲት አላቢ እጅ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ የአንድ ትንሽ ልጅ ክንድ ላይ ጨመረው። ልጁንም ፈንጣጣ ሳይነካው ቀረ፤ ክትባት የተጀመረው እንዲህ ነው አሉን።

ክትባት ሲባል ሚኪያስ ወደ እኔ ተጠጋ። በማግስቱ የኩፍኝ ከታቢዎች ቤት ለቤት ሊመጡ ነበር፤ መርፌ ስለሚፈራ ጓሯችን ካለው የጭድ ክምር ሥር ልደብቀው ቃል ገብቼለት ነበር። ይህንን ለኦቦ ገመቹ እንደ ትልቅ ጀብዱ ነገርኳቸው። ፍሙን ቆሰቆሱት።

«እኔም ደብቄ ነበር» አሉ። «እህቴን፣ ጫልቱን።»

ልጅ ሳሉ የፈንጣጣ ከታቢዎች በበቅሎ መንደራቸው መጥተው ነበር። እሳቸው ክንዳቸውን ሰጡ፤ ጫልቱ ግን እያለቀሰች ስትለምናቸው ጊዜ ጎተራ ውስጥ ሸሸጓት። ከታቢዎቹ ሄዱ። ክረምቱ ሳይወጣ በሽታው ገባ።

«እስክትሞት ድረስ ለአባታችን አልተናገረችብኝም» አሉን።

በማግስቱ ሚኪያስ እጄን ይዞ ወደ ጓሮ ሲጎትተኝ፣ እኔ ወደ በሩ ወሰድኩት። እየጮኸ ተከተበ፤ ሦስት ቀንም ሳያናግረኝ ሰነበተ። በተከተበበት ዕለት ማምሻውን ሄጄ ለኦቦ ገመቹ ነገርኳቸው። «ጎሽ፣ ኢንተላ ኮ፤ ጎሽ ልጄ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ኦቦ ገመቹ ካወሩልን ሳይንቲስቶች አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ፤ የዚያን ሐኪም ስም እንኳ ትምህርት ቤት ሲጠይቁኝ ጠፍቶብኛል። ባለፈው ሴት ልጄን ላስከትብ ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ ልጄ ስታለቅስ ጊዜ፣ አጠገቤ የተቀመጠች እናት «አታሳዝንሽም?» አለችኝ።

«ታሳዝነኛለች» አልኳት፣ የልጄን ክንድ ሳልለቅ።