ከጸሎቱ በፊት የተወሰደው ናሙና

እናቴ ግራ ጡቷ ላይ ያገኘችው እብጠት ካንሰር ነው የተባለው እዚሁ አርባ ምንጭ ነው። እብጠቱን በአልትራሳውንድ ለኩት፣ በመርፌ ናሙና ወሰዱ፣ መስታወት ላይ አድርገው መረመሩት፣ ከዚያ ጡቷ በቀዶ ጥገና መውጣት እንዳለበት ነገሩን። ሌላ ሐኪም ይየው ያልኩት እኔ ነኝ። ሕክምና አልተማርኩም። ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ደጋግሜ በማንበብ ግን ሁለተኛው ሐኪም ያንኑ የመጀመሪያውን መስታወት መልሶ ማየት እንዳለበት ተረድቼ ነበር።

እናቴም እሺ አለች። እሺ ያለችው እኔ ላሰብኩት ነገር እንዳልሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ወደ ሐዋሳ ከመሄዳችን በፊት የቤተ ክርስቲያን እህቶች ጾመው ጸለዩላት። ሲጸልዩላት ጡቷ ውስጥ ሙቀት እንደተሰማት ነገረችኝ። ከጫኖ የመጣችው አክስቴ እብጠቱን ዳሰሰችና ቀንሷል አለች። የአክስቴ ጣት ማንጎ ሳይቆረጥ መብሰሉን የሚለይ ጣት ስለሆነ ነገሩን እንዲሁ ልተወው አልቻልኩም። ግን ከጸሎቱ በፊት ዳስሳው አታውቅም። ታዲያ ከምን ቀነሰ? ይህን ማንንም አልጠየቅኩም።

መናኸሪያ ስንደርስ እናቴ በፎጣ ጠቅልዬ የያዝኩት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። መስታወቶቹ ናቸው ስላት ፊቷ ተለወጠ።

"እሱ እኮ ከጸሎቱ በፊት የተወሰደ ነው። ምን ይሠራልናል?"

ልትሸኘን የመጣችው አክስቴ፣ "ተይው ይያዘው፤ ልጅሽ ባዶ እጁን ሰው ቤት መሄድ አይወድም" አለቻት። ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ነገሩ ግን መንገዱን ሙሉ አልለቀቀኝም። እኔ ማወቅ የፈለግኩት የመጀመሪያው ሐኪም ተሳስቶ እንደሆነ ነው። እሷ ማወቅ የፈለገችው እብጠቱ አሁንም ካንሰር መሆን አለመሆኑን ነው። የድሮው ናሙና የእኔን ጥያቄ እንጂ የእሷን አይመልስም። እንዲያ ካየሁት እሷ ልክ ነበረች፤ እኔም ልክ ነበርኩ።

ሐዋሳ መስታወቶቹን ተቀብለው ቀጠሮ ሰጡን። በቀጠሯችን ቀን ያየችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። እናቴ ለገበያ የሚሆን አማርኛ አታጣም፤ ስለ ሰውነቷ የምታወራው ግን በጋሞኛ ስለሆነ መሃል ሆኜ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ሐኪሟ መስታወቶቹ እንደገና መታየታቸውን፣ ውጤቱም ያው ካንሰር መሆኑን ነገረችኝ። ለእናቴ ስነግራት አልደነገጠችም።

"ያኔማ ነበር። አሁንስ በላት።"

እንዴት እንደማቀርበው ጠፋኝና እንዳለ ተረጎምኩት። ሐኪሟ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ከቀዶ ጥገናው በፊት አልትራሳውንድ እንደገና መነሳቷ አይቀርም፣ አሁኑኑ እንየው ብላ አስተኛቻት።

እብጠቱ አለ። ስትለካው ግን ከአርባ ምንጩ ልኬት በሁለት ሚሊ ሜትር አነሰ። መሣሪያውና የሚለካው ሰው ሲለያይ ይህን ያህል ልዩነት የተለመደ ነው፣ መቀነስ አይባልም አለችኝ። ለእናቴ ሁለቱንም ነገርኳት፤ ማነሱንም፣ መቀነስ አይባልም መባሉንም። የትኛውን አጥብቄ መናገር እንዳለብኝ ግን አላወቅኩም። እሷ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጥቁር ቅርጽ አተኩራ አየችው።

"ጌታ ጀምሮታል" አለችኝ በጋሞኛ። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞራ በራሷ አማርኛ፣ "እንግዲህ የቀረውን እናንተ አውጡት" አለቻት።

ሐኪሟ እኔን አየችኝ። የሚተረጎም ነገር አልነበረም። የቀዶ ጥገናውን ቀን ቆረጠችልን።

ከግቢው ሳንወጣ አክስቴ ደወለች። ምን አሏት አለችኝ። ካንሰሩ አለ ልበላት፣ አንሷል ልበላት፣ ልዩነቱ የመሣሪያ ነው ልበላት?

"ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው" አልኳት። "ራሷ እሺ ብላለች።"

"ጌታ ይመስገን" አለች። እኔም አሜን አልኩ፤ ለየትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም።