አጠገቡ ያሉት ትንንሾቹ

እናታችን አገር ቤት መሞቷን እህቴ ከእኔ ቀድማ ሰምታ ደበቀችኝ። የዶክትሬት ጥናቴን የማቀርብበት ቀን ደርሶ ነበርና፣ እስኪያልፍ ድረስ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ለማንም አልተናገረችም። የሐበሻ ሱቆችና ሬስቶራንቶች ባሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ለአንድ ሰው የተነገረ ነገር ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ክሬንሾው ሰፈር እኛ ቤት ይገባል።

ጥናቴ ትልልቅ ኮከቦች ከሚወለዱበት ደመና እየተወረወረ ስለሚወጣ ጋዝ ነው። በመወለድ ላይ ያለ ኮከብ ጋዝ ወደ ራሱ ይስባል፤ ከሚስበው ከፊሉን ደግሞ በሁለት አቅጣጫ በኃይል መልሶ ይተፋዋል። በዋዜማው እህቴ ከሬስቶራንት ሥራዋ ተመልሳ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጣ አስጠናችኝ።

«ሶ፣ አጠገቡ ያሉት ትንንሾቹስ?» አለች።

«የሚወጣው ጋዝ ደመናውን ይጠርግባቸዋል። አንዳንዶቹ ሳይወለዱ ይቀራሉ።»

«ኦኬ። እሱን ቀስ ብለሽ ተናገሪው፤ ትፈጥኛለሽ።»

ፊቷ ላይ ምንም አላየሁም። ስንት ዓመት ሙሉ ሰማይ ሳይ ኖሬ ሰው ማየት አላውቅበትም።

ፈተናውን አለፍኩ። ያኔ ነው የቤተ ክርስቲያን ሰዎችን የጠራቻቸው። በማግስቱ ሳይነጋጋ በሩ ተንኳኳ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረጃው ላይ ቆመው ሳያቸው ገባኝ። ጮኼ ወለሉ ላይ ወደቅኩ። ሁሉም እኔን ከቦ አለቀሰ። እህቴ ውኃ ታድላለች፣ የመጣውን ታስቀምጣለች።

ረፋዱ ላይ አንዲት ሴትዮ፣ «ይቺ ትልቋ እንባም የላት እንዴ? አሜሪካ አደረቃት» ስትል ሰማሁ። ደሜ ፈላ። ከቤቴ ላስወጣት ስነሳ እህቴ ክንዴን ይዛ ወደ ኩሽና ጎተተችኝ።

«ተያት፤ ለቅሶ ቤት ነው» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አታለቅሺም?»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሴትዮዋን ጥያቄ እንደደገምኩት ያወቅሁት። እህቴ አልተቆጣችም።

«አልቅሻለሁ። ስልኩ ሲደወል ሺፍት ላይ ነበርኩ። የሬስቶራንቱ ፍሪጅ እንደ ክፍል ሰው የሚገባበት ነው፤ እሱ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁት፤ እዚያ ድምፅ አይሰማም። ከዚያ ምግብ ደርሷል ተባለ፣ አነሳሁና ወጣሁ። በየቀኑ እንደዚያ ነበር። አሁን ሰው ሲመጣ ግን እምቢ አለኝ።»

ሳሎን ያሉት ስሜን እየጠሩ ያለቅሱልኝ ነበር። የእሷን ስም የጠራ ሰው አልነበረም።