ስም የሳተ ይነሳ

መጀመሪያ የከዳኝ ምላሴ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ካዛንቺስ፣ ኳስ በምናይበት ሻይ ቤት። ስለ አንድ የፖላንድ ተከላካይ ዝውውር እየተከራከርን ነበር። ስሙን ስጠራ መሀል ላይ ተንሻፈፈብኝ።

እኔ የፈረንጅ ስም ዳኛ ነበርኩ። ጫማቸውን ከሰቀሉ ዘመን ያለፋቸውን ተጫዋቾች እንኳ ከነአያታቸው ስም የምጠራ፣ በቴሌቪዥን የሚያወራውን ጋዜጠኛ ሳይቀር የማርም ሰው! ሕጉንም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ስም የሳተ ቆሞ አሥር ጊዜ ይጠራል። ስንቱን አስቁሜ ስቄበታለሁ።

"ተነስ! ዳኛው ራሱ ሳተ!" አለ አብሮ አደጌ ጌታቸው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ተነሳሁ፤ እልህ ነዋ። በጠራሁት ቁጥር ባሰብኝ። "በቃ፣ ፖላንዶች እንዲህ ነው የሚሉት!" እያሉ እየተቀባበሉ ሳቁ። ሰባተኛው ላይ ብርጭቆው ከቀኝ እጄ ወደቀ። አፌ ተጣመመ። ያኔ ሳቃቸውን ትተው ከበቡኝ።

"ብርድ ነው የመታው። ይተኛበት" ተባባሉ። ደግፈው ቤቴ አስገቡኝና ለሁለተኛው አጋማሽ ተመለሱ። ባለቤቴ ሰናይት ቄራ እህቷ ጋ ሄዳለች። ልጣራ ብል ድምፅ የለኝም። ለአራት ሰዓት ያህል ብቻዬን ተኛሁ። ፈራሁ።

ሰናይት ገብታ ስታየኝ ጮኸች። ጌታቸውን ጠርታ በታክሲ ሆስፒታል አደረሱኝ። ሲቲ ስካን ተነሳሁ።

"ስትሮክ ነው" አለች ሐኪሟ። "የአንጎሉ ደም ሥር ተዘግቷል። መቼ ነው የጀመረው?"

ጌታቸው መሬት መሬቱን አየ። "ኧረ አሁን በቅርቡ ነው፣ ዶክተር" አለ።

ዋሸ! ሕይወቴ በሰዓት ሲለካ ዋሸ። ግራ እጄን አንስቼ አምስት ጣት አሳየኋት።

"አምስት ሰዓት? እስካሁን ምን ትጠብቁ ነበር? የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ አይሰጥም፤ ያደማል።"

ጥፋቱን ሁሉ በእነሱ አላላክክም። "ተሽሎኛል" ብዬ የደም ግፊት ኪኒኔን ካቋረጥኩ ሦስት ወር አልፎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፊዚዮቴራፒስቱ እጄን እያጠፈና እየዘረጋ፣ ሰናይት ጠዋት ጠዋት ፊደል እያስቆጠረችኝ፣ ተናድጄ ማንኪያ ስወረውር መልሳ እያነሳች እያስያዘችኝ፣ በስምንተኛው ወር በከዘራ መስቀል አደባባይ ወርደን ደረጃው ላይ እንደተቀመጥን "ደክሞኛል፣ እንመለስ" የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከአፌ ወጣና ሰናይት እዚያው ሰው እያያት አለቀሰች። ጓደኞቼም ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጥተው ስለ ዝውውር ወሬ ሲያወሩ፣ ከባድ ስም ሲመጣ እንዳይከፋኝ ብለው "ያ ልጅ" እያሉ አለፉት። ከሳቃቸው ይልቅ ይህ አቃጠለኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የሰው ንግግር ድንገት ከተኮላተፈ፣ አፉ ከተጣመመ፣ እጁ ከዛለ፣ ብርድ ነው ብላችሁ አታስተኙት። የጀመረበትን ሰዓት ያዙና ሆስፒታል ሩጡ። ሰዓቱን ስትጠየቁ ደግሞ፣ ቢያሳፍራችሁም፣ እውነቱን ተናገሩ። ግፊት ያለበት ሰው ኪኒኑን አያቋርጥ።

ሐኪሟን እግዜር ይስጥልኝ። ሰናይትን ምን ብዬ እንደማመሰግናት አላውቅም፤ ዕድሜ ይስጣት። እሷ ግን "ጌታቸውንም አመስግነው እንጂ፣ አብሮ አደግህ አይደለም?" ትለኛለች። ይኸው ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ቃሉ አልወጣልህ አለኝ። ምላሴ ተይዞ ግን አይደለም።