የእማማ መርፌ ግድግዳ

እማማ መርፌን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው በዚሁ ቅጽል ስም ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ኖረው፣ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላም ክር ማስገባት አላቃታቸውም። የመርፌዋን ቀዳዳ በምላሳቸው ጫፍ ይፈልጓታል። እኔ ዓይን እያለኝ ክር ይዤ ስደናበር፣ "አምጪው ልጄ፣ ዓይን ያለው ሰው ይሥራው" ብለው ይቀሙኝ ነበር።

ልጅ አልወለዱም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በአንዲት ክፍል ብቻቸውን ነበሩ። ቤታቸውን ከቤቴ የሚለየው ግድግዳ የጣውላና የቆርቆሮ ቅጥልጥል ስለነበር፣ እሳቸው ሲያስሉ የምነቃው እኔ ነኝ። የእኛም ገመና ቢሆን አልተሸሸገም። ከባሌ ጋር ስንጨቃጨቅ ከወዲያ ማዶ፣ "በቃችሁ! ግድግዳውን አፈረሳችሁብኝ እኮ!" ይሉናል። አንድ ነገር ሲፈልጉ ደግሞ መርፌ የሚገፉባትን የብረት የጣት ቆብ አጥልቀው ግድግዳውን ሦስቴ ኳ ኳ ኳ ያደርጋሉ። እኔም "አቤት!" እላለሁ። ውሃ አልቆ ይሆናል፣ ድስት የሚያወርድላቸው ፈልገው ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም የለም፤ "መኖርሽን ላረጋግጥ ብዬ ነው" ይላሉ።

ጣሪያው ግን ወንፊት ሆኖ ነበር። ዘይትና ሳሙና እያመጣ የሚጠይቃቸው የበጎ አድራጎት ማኅበር ሊቀመንበር አንድ ቀን ቁርጡን ነገረቻቸው። ወይ ቤቱ ይታደሳል፣ ወይ አረጋውያን መጦሪያ ይገባሉ።

"ይህን ቤት እግሬም እጄም ያውቀዋል" አሉ እማማ። "ከዚህ ካወጣችሁኝ ያኔ ነው የምታወር።"

ስለዚህ ይታደስ ተባለ። እኔ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ ለሚመጣ ሰው ቶሎ ምስጋና አይወጣኝም። እውነቱን መናገር ካለብኝ ግን እነዚያ ሰዎች ሠሩ። ሊቀመንበሯ ራሷ አሸዋ ተሸከመች። ጣሪያው ተቀየረ፣ ጎርባጣው ወለልም በሲሚንቶ ሊሾ ተደረገ። ግንበኛው በዕረፍት ቀኑ በነፃ ነው የመጣው። የጋራ ግድግዳችንን ሲያይ ሳቀ።

"ይሄ ግድግዳ ነው? መጋረጃ እንጂ!"

አፍርሶ በብሎኬት ገነባው፣ ለሰነው፣ ቀለምም ተቀባ። "ከእንግዲህ ወዲያ ማዶ ቦምብ ቢፈነዳ አትሰሚም" አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። መረቅኩትም። ከመካከላችን ያቺን ኳ ኳ ያስታወሰ አንድም ሰው አልነበረም። እማማም በዚያ ሰሞን እኔ ቤት ቁጭ ብለው አልጋቸው በቦታው እንዲመለስ ብቻ ነበር የለመኑት። ተመለሰላቸው።

የገቡ ቀን ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ዞሩና ሁሉንም አንድ በአንድ መረቁ። ሰው ከሄደ በኋላ ግን ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ "ቤቱ ዝም አለብኝ" አሉ። "ይለምዱታል" አልኳቸው።

ብዙም ሳይቆይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ሳልም ጠብታም ሳልሰማ እንቅልፌን ጠግቤ ተነሣሁ። ሻይ ይዤ ስገባ ወለሉ ላይ ተዘርረዋል። ድሮ አልጋቸው አጠገብ እግራቸው የሚያውቃት ጎድጓዳ ነበረች። አዲሱ ሊሾ ደፍኗት ስለነበር አልጋው ጋ የደረሱ መስሏቸው ሊቀመጡ ሲሉ ወደቁ። የጣት ቆቧ ጣታቸው ላይ ነበረች። ከራሳቸው በላይ ያ አዲስ ቀለም ፈንጣጣ እንደወጣበት ፊት ተነቋቁሯል።

"አልሰማሽኝም እንዴ ልጄ?"

"አልሰማሁም እማማ።"

"አይ፣ ግድግዳው ጠንክሮ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ግንበኛው ጎበዝ ነው።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እዚያው ሻዩን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ኖሯል። ሐኪሙ ከእንግዲህ ብቻቸውን መኖር አይችሉም አለ፤ እማማም ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ መጦሪያው ተወሰዱ። እዚያ እንዳይገቡ ተብሎ የታደሰው ቤት ተቆልፎ ቀረ።

ግንበኛው ወሬውን ሲሰማ መሮና መዶሻ ይዞ መጣ። ከቁልፍ ያዧ ከሊቀመንበሯ ጋር ገብቶ፣ ከእማማ አልጋ አጠገብ ያንን የራሱን ግድግዳ መብሳት ጀመረ።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!" ብዬ ጮህኩበት።

ቀና ሲል ዓይኖቹ ቀልተዋል። "ምናልባት ከተመለሱ ብዬ ነው" አለና መሮውን መልሶ ያዘ። መጥረጊያ አምጥቼ አቧራውን ጠረግኩለት። ቀዳዳው አሁንም ክፍት ነው።

መጦሪያው ንጹሕ ነው፤ ክፉ ስም አልሰጠውም። ልጠይቃቸው ስሄድ አስታማሚዋ በር ላይ ያዘችኝ። "እናትሽ ግድግዳ ያንኳኳሉ። ምን ልታዘዝ ብለን ስንሮጥ ግን ምንም አይሉንም።" እናቴ አይደሉም አላልኳትም።

እማማ ድምፄን ሲሰሙ እጄን ፈልገው ያዙ። "ቤቴ ያፈሳል?"

"ጠብ አይልም እማማ።"

"ተመስገን።"

እጄን ለቀው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ኳ ኳ ኳ።

አጠገባቸው እንደተቀመጥኩ፣ "አቤት!" አልኩ።

"አለሽ እንዴ?" አሉ፣ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳይመልሱ። "እንግዲያስ ልተኛ።"