ኖር ያለው ማሽን

መምህርት የኔነሽ ኮምፒዩተር ታስተምር የነበረው ያለ ኮምፒዩተር ነው። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ሰው ደሴ ውስጥ ሞልቶ ነበር፤ እሷ ግን ለሳቂ ጊዜ አልነበራትም። በሰባ ስምንት ክረምት ለሒሳብ መምህራን ስልጠና ተብላ አዲስ አበባ ስትላክ ያንን ዕቃ አየችው፣ ነካካችው፣ ልቧም እዚያው ቀረ። ወደምታስተምርበት ሆጤ ትምህርት ቤት ተመልሳ ከትምህርት በኋላ የሚሰበሰብ ክበብ አቋቋመች።

ዘዴዋ ቀላል ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው ማሽኑን ይሆናሉ። ዘሀራ ቁጥር ትቀበላለች፣ በላቸው ይደምራል፣ በሺር ውጤቱን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። በእጁ ያለው ወረቀት ካላዘዘው በቀር ማንም ጣቱን አያነሳም። «ማሽን ከራሱ አያስብም» ትላቸዋለች፤ «የጻፋችሁለትን ብቻ ይሠራል። ተሳስታችሁ ከጻፋችሁለትም ስህተታችሁን በታማኝነት ይሠራላችኋል።» ልጆቹ ኳስ ሜዳውን እየተዉ ወደሷ ይጎርፉ ጀመር።

ዓመቱ ሳያልቅ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ለመጋዘኑ ኮምፒዩተር ማስገባቱን ሰማች። ወርዳ ደጅ ጠናች፣ ተመልሳ ወረደች፣ በመጨረሻ ልጆቹን ይዛ እንድትገባ ፈቀዱላት። ዳይሬክተሩ ጓድ ደጉ ግን የወላጅ ኮሚቴው ካልተስማማ ጉዞም ክበብም የለም አሏት። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ የበሺር አባት፣ ጨርቅ ነጋዴው አቶ አብዱልወሀብ ናቸው።

እሳቸው ቂም ይዘዋል። ወንድማቸው ከጅዳ በቴሌቪዥን የሚሠራ ጨዋታ ልኮላቸው ነበር። በጨዋታው አንዲት ነጭ ኳስ ከግራ ቀኝ ትነጥራለች፣ ልጅ እሷን ይመልሳል፣ በቃ ሌላ ነገር የለውም። በሺር እዚያ ላይ ተተከለ። ዓይኑ ቀላ፣ ሰላቱ አለፈው፣ ሲጠሩት አልሰማ አለ። አንድ ቀን አያቱ እማማ ረሂማ ከገራዶ መጥተው ቢገቡ ቀና ብሎም አላያቸው። ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠ ሁሉ «ኖር!» ብሎ በሚነሳበት አገር፣ አሮጊቷ እንደ ቆሙ ቀሩ። አቶ አብዱልወሀብም ያንን ጨዋታና የየኔነሽን ክበብ በአንድ ስልቻ ከተቱት። እውነቱን ለመናገር የጨዋታውም ሆድ ዕቃ ያው ኮምፒዩተር ነውና ጨርሰው አልተሳሳቱም፤ የኔነሽን ያስፈራትም ይኸው ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ማሽኑ በሥራ ላይ ሳለ በሩ ተከፈተ። አቶ አብዱልወሀብ ነበሩ፤ ክበቡን ሊዘጉ መጥተዋል። የኔነሽ ደነገጠች። ልጆቹን ካለ ወረቀቱ ትእዛዝ እንዳትንቀሳቀሱ ብላ ያስጠነቀቀቻቸው ራሷ ናት። አሁን ቁጭ እንዳሉ ከቀሩ ሰውየው ማሽን ልጅ ያባልጋል ያሉት እውነት ሆነ ማለት ነው።

በሺር ጠመኔውን ጣለና ሰሌዳው ሥር ከተቀመጠበት «ኖር!» ብሎ ተነሳ። ሌሎቹም ግር ብለው ተነሱ። ድምሩ ጠፋ፣ ወረቀቱ ተበተነ።

«ጋሼ፣ ማሽናችንን ሰበሩብን» አለች የኔነሽ፤ ከድንጋጤዋ ጋር ሳቋ አመለጣት። ልጆቹ ራሳቸው ማሽን ሆነው እንደሚሠሩ አስረዳቻቸው። «ማሽን ለትልቅ ሰው አይነሳም። እነሱ ግን ተነሱ።»

«ቤቴ ያለው ማሽን ልጄን ለእናቴ እንዳይነሳ አርጎታል፣ አንቺ ልጅ።»

«አርጎታል፤ አልክድም። እዚያ ማሽኑ ነው በሺርን የሚያዘው። እኔ የማስተምረው እሱ ማሽኑን እንዲያዝ ነው። ጨዋታውን አይጣሉት ጋሼ፣ ሰዓት ይወስኑለት። ክበቡን ግን አይዝጉብኝ።»

አቶ አብዱልወሀብ ጺማቸውን አሻሹ። ከዚያ «ታዲያ ትልቅ ሰው ሲገባ ተነስ ብላችሁ አትጽፉለትም?» አሏት።

የኔነሽ ይህን ጥያቄ ከተማሪዎቿ ስትጠብቅ ነበር የከረመችው። በደስታ ወደ ሰሌዳው ዞራ ጻፈች፦ «ትልቅ ሰው ከገባ ተነስ። ካልገባ ሥራህን ቀጥል።» ልጆቹ በየወረቀታቸው ገለበጡ። «በሉ ጋሼ፣ ወጥተው ይግቡ።»

ወጥተው ገቡ። ማሽኑ እኩል ተነሳ፣ እኩል ተቀመጠ፣ ድምሩንም ቀጠለ። አቶ አብዱልወሀብ ደስ ብሏቸው ሳይታዘዙ ደግመው ወጥተው ገቡ። ከዚያ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄኛው ተጽፎለት ነው የተነሳ» አሉ። «ፊተኛው ማንም ሳይጽፍለት። ወላሂ ፊተኛው ይበልጣል።»

«ይበልጣል ጋሼ» አለች የኔነሽ።

«ውሰጃቸው ኮምቦልቻ። እኔም አብሬ እወርዳለሁ።»

ጨዋታው ሣጥን ውስጥ ገባ፤ ከጁምዓ በኋላ ብቻ ይከፈት ጀመር። በተቆረጠው ቀን ልጆቹ ጠመዝማዛውን መንገድ እየዘፈኑ ወረዱ። ፋብሪካው ክፍል ውስጥ ኮምፒዩተሩ አረንጓዴ ፊደሉን እያርገበገበ ጠበቃቸው። የኔነሽ ከጥበቃው ጋር ስለ መግቢያ ፈቃድ ስትከራከር ቆይታ በመጨረሻ ስትገባ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል፣ ልጆቹም ማሽኑ ላይ አፍጥጠዋል።

በሩ ላይ መቆሟን ያዩት አቶ አብዱልወሀብ ብቻ ነበሩ። ጺማቸው የሸበተ፣ ደሴ በሙሉ የሚነሳላቸው ሰው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ።

«ኖር!» አሉ። «እዚህ ይቀመጡ፣ መምህርት።»

«በእግዜር» አለች የኔነሽ፤ ሄዳም የተለቀቀላት ወንበር ላይ ተቀመጠች።